ጓድ ፎርማትና የውዱ ዝላይ

ኮምፒውተር በተተከለበት ከተማ ሁሉ፣ ከኋላ ቆሞ የሚያዝ አንድ ሰው አይጠፋም። ወንበሩ የሌላ፣ ማሽኑ የሌላ፣ ኪሳራውም የሌላ ነው፤ ምክሩ ግን የእሱ። የቆቦው ክቡር ጓድ ሰላሁዲን ይባላል። መስመሩ የጠራ፣ አቋሙ የማያወላውል ነው። ሕመሙ ምንም ይሁን ምን ትንተናው አንድ ነው፦ «ቫይረስ ነው! ፎርማት ይደረግ!» ፎርማት ማለት የማሽኑን ሆድ ጠርጎ ባዶ ማስቀረት መሆኑን ብዙ ሰው የተማረው ከእሱ ነው፤ የተማረውም ንብረቱ ከተጠረገ በኋላ።

የጌጤ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን በረዶ ሲያዘንብ «ፎርማት!» ብሏል። አንድ የሮቢት ገበሬ የውሃ ሞተሩ አልነሳ ቢለው፣ ሰላሁዲን ጎንበስ ብሎ መረመረና «ሜሞሪው ሞልቷል» ሲል አረዳው። ገበሬው እስከ ዛሬ የሚያጎድልበትን ቀዳዳ ይፈልጋል።

የጓዱ ዋና ጽሕፈት ቤት ከመናኸሪያው ጎን ያለችው፣ ዘካሪያስ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብርባት ክፍል ናት። ዘካሪያስ ሊያባርረው ያልማለበት ቀን የለም። መማልስ አይነሰው! አንድ ቀን ምሳ በልቶ ሲመለስ፣ ጓዱ ቆራጥ እርምጃ ወስዶ ጠበቀው። አንድ ሙሉ ሰርግ ከነአጃቢው ተደምስሷል።

«ማሽኑ እንዴት እንደቀለለው አታይም?» አለ ጓዱ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

ሙሽሮቹ ልብሳቸውን ደግመው ለብሰው ሲቀረጹ የሙሽሪት ሆድ ገፍቶ ነበር። ስለዚህ ያ ሰርግ ከወገብ በላይ ብቻ ነው ያለው።

ግንቦት ላይ፣ ሐሩሩ የቆርቆሮውን ጣሪያ በሚያንጣጣበት ቀን ኡሙሃኒ መጣች። የተዳረችው ጥር ላይ ነው፤ ሰርጓን የቀረጸውም ዘካሪያስ። ታናሽ ወንድሟ ውዱ ሰርጓ ላይ ጨፍሮ፣ በሳምንቱ ዐረብ አገር ሊሻገር በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ስልክም የለ፣ ወሬም የለ።

«ዘኬ፣ ቪዲዮው ላይ የምትበትነውን አበባውንም ልቡንም ተወው» አለች። «ውዱን ብቻ አሳየኝ። መልኩ እየጠፋብኝ ነው። ያን ቀን እኮ ፊቴን ተሸፍኜ ሆታውን ብቻ ነው የሰማሁት።»

ካሴቱ ላይ ሌላ ሰርግ ተቀድቶበታል። ውዱ የቀረው ማሽኑ ውስጥ ብቻ ነበር። ዘካሪያስ ታይምላይኑን፣ ማለትም የተቆራረጠው ቪዲዮ ተሰድሮ የሚሄድበትን መስመር ከፈተና አስነሳው። ድምፁ ቀድሞ ጎብዬ ከተማ ሲደርስ ምስሉ ገና እዚህ ቆቦ ነው። ሌሎቹን ፕሮግራሞች ዘጋ፤ አልሆነም። የሚበሩትን አበባዎች ነቀለ፣ የምስሉን ጥራት ዝቅ አደረገ፣ ክዳኑን ከፍቶ ቬንትሌተር ደገነበት። ሆታው ይሄዳል፤ ውዱ ይደርቃል። ይባስ ብሎ ሃርድ ዲስኩ እንደ ሽማግሌ ጉልበት ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ዘካሪያስ ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ ዲስኩ ከሞተ ውዱም አብሮ ይሄዳል።

ጓድ ሰላሁዲን የገባው ይኼኔ ነው። ዘካሪያስ ኪቦርዱን በደረቱ ሸፈነ።

«ሰላሁዲን ወንድሜ፣ አላህ ነው ያመጣህ!» አለች ኡሙሃኒ። «ይኼ ነገር ምን ይሻለዋል?»

ዘካሪያስ ዓይኑን ጨፈነ።

ጓዱ ወደ ስክሪኑ አጎነበሰ። ውዱ ዱላውን ሽቅብ ይዞ፣ ሁለት እግሩ መሬት ለቆ፣ አየር ላይ ቀርቷል። ሰላሁዲን አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።

«ይኼማ አይነካም።»

«ቫይረስ አይደለም?» አለ ዘካሪያስ፣ ምላሱ አምልጦት።

«ዝም በል አንተ! ሰው ያለበት ፎርማት ይደረጋል እንዴ?»

ዘካሪያስን በክንዱ ገፋ አደረገና ድምፁን ዘጋው፤ ከዚያ ባለቀስቷን ቁልፍ በአንድ ጣቱ፣ ትኩስ ነገር እንደሚነካ ሰው ነካት። አንድ ምስል ብቻ ተራመደ። የውዱ ፀጉር ተበተነ። ደግሞ ነካት፤ ዱላው ዘመመ። ደግሞ ነካት፤ ጥርሱ ብልጭ አለ።

«ያ ረቢ፣ እየሳቀ ነበር!» አለች ኡሙሃኒ። «ቀስ በል፣ የኔ ወንድም፣ ቀስ በልልኝ።»

ቀስ አለ። የሆታ እኩሌታ የማትሞላው ዝላይ ጥላው ከበሩ እስኪሸሽ ድረስ ቆየች። የውዱ ተረከዝ አቧራውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው እጇን ዘረጋች።

«በቃ፤ አታውርደው። መሬት ከረገጠ ይሄዳል።»

ያገኘውን ሁሉ ሳይነካካ ውሎ የማያውቀው ሰው፣ ጣቱን ሰብስቦ እጁን ብብቱ ውስጥ ደበቀ።

«አብሽሪ» አላት። «እዚያው ይቆይልሻል።»

አንድ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን በበሩ አሰገገ። «ምነው ዘኬ፣ ምስሉ ቆመሳ! ተበላሸ እንዴ?»

«ድምፅህን ቀንስ» አለው ዘካሪያስ። «ሰላሁዲን እየሠራ ነው።»