የዳኛው ቤት መንፈስ ጸጥ ያለ ዕለት

[ከሩቅ ከተማ ለጉብኝት የመጡ ሁለት ሰዎች በአንድ አሮጌ ቤት ደረጃ ላይ ቆመው ይከራከራሉ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ናቸው። የማያውቁት ነገር ስለሌለ ሰፈርተኛው «ሊቁ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም። ሁለተኛው የሚስታቸው ታናሽ ወንድም፣ አናጢ ነው። ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ የጠመመ እንጨት ግን ከሩቅ ይታየዋል። ቤቱ ሙዚየም ከሆነ ቆይቷል። የዛሬ መቶ ዓመት የሞቱት ባለቤቱ፣ አንድ ዳኛ፣ ግን እስካሁን ቤቱን አልለቀቁም ይባላል።]

ሊቁ፦ ካቻቢቴ? ሙዚየም ካቻቢቴ ይዞ የሚገባ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

አናጢው፦ ኧረ ጋሼ፣ እኔ ሙዚየሙንም አይቼ አላውቅ።

ሊቁ፦ አውጣው ከኪስህ!

አናጢው፦ ከኪሴ ካወጣሁት እኮ በእጄ ልይዘው ነው። በእጄ ይዤው ብገባ አይብስም?

ሊቁ፦ ለሽርሽር ካቻቢቴ ምን ያደርጋል?

አናጢው፦ ሳልይዘው ከቤት ከወጣሁ ሱሪ የረሳሁ ይመስለኛል።

ሊቁ፦ ይሁን፣ ብቻ እንዳይታይ። ስማኝ፣ እኔ እዚህ ለቀልድ አልመጣሁም። ዳኛው በሞቱበት ክፍል ሩብ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ስሙ በደፋሮች መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ጎረቤታችን ባለመድኃኒት ቤቱ ዓምና ፈርሞ ከተመለሰ ወዲህ አፉ አልተገጠመም።

አናጢው፦ እውነትዎን ነው። ባለፈው የራስ ምታት ኪኒን ልገዛ ብሄድ ታሪኩን ከሥሩ ጀመረልኝ። ሲጨርስ አንዱ ኪኒን አልበቃኝም።

ሊቁ፦ አየህ! ዛሬ ሳልፈርም ከተመለስኩ ሰፈሩን ለእሱ አስረክቤ ልወጣ ነው።

አናጢው፦ ግን ጋሼ፣ እርስዎ መንፈስ የሚባል ነገር የለም ይሉ የለ?

ሊቁ፦ የለም!

አናጢው፦ ከሌለ ድፍረቱ ለምንድን ነው?

ሊቁ፦ ለ... ያለውንማ ማንም ይደፍራል! የሌለውን መድፈር ነው እውቀት የሚጠይቀው። ግባ!

[አስጎብኚዋ ቁልፎቿን እያንቃጨለች ፎቅ ላይ ወዳለው ክፍል አስገባቻቸው።]

አስጎብኚዋ፦ ዳኛው ሲቆጡ ወንበራቸው ይወዛወዛል። ሲያዝኑ የመስኮቱ መዝጊያ ያቃስታል። ሲፈርዱ ደግሞ ቁም ሣጥኑ በራሱ ጊዜ ይከፈታል። ሩብ ሰዓት ሲሞላ እመጣለሁ። ከቤቱ ዕቃ ያጎደለ ይተካል፤ ቲኬቱ ጀርባ ላይ ተጽፏል።

ሊቁ፦ አንብቤዋለሁ፣ ልጄ። ሂጂ።

[ሄደች። ክፍሉ ደብዛዛ ነው። ወንበሩ ማንም ሳይነካው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሊቁ የሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ዐይናቸውን ጨፈኑ።]

አናጢው፦ ጋሼ፣ ተኙ እንዴ?

ሊቁ፦ ዝም በል! መንፈስ ካዩት ይጠነክራል። ዐይን ጨፍነው ሲያዙት ግን ይታዘዛል። አንብቤዋለሁ።

አናጢው፦ የሌለው መንፈስ?

ሊቁ፦ እሱው! በል ከአሁን ወዲያ ትንፍሽ እንዳትል። የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ።

[አናጢው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እህቱ ቤትም ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ ጋሼ ተቀምጠው ያዛሉ፣ እሱ ቆሞ ይሠራል።]

ሊቁ፦ አንተ! ያን ወንበር ጸጥ አድርገው!

[አናጢው ግራ ቀኙን አየ። «አንተ» የሚባል ከእሱ ሌላ ማንም የለም። ተንበርክኮ ወለሉን መረመረ። ወለሉ አዘቅዝቋል፤ በመንገዱ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ወንበሩ ይነቃነቃል። ከሌላኛው ኪሱ ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ አውጥቶ ከሥሩ ወሸቀበት። ወንበሩ ጸጥ አለ።]

ሊቁ፦ [ለራሳቸው] ታ... ታዘዘኝ! [ድምፃቸውን ከፍ አድርገው] መስኮቱም ማቃሰቱን ያቁም! አሁኑኑ!

[ሁለት ብሎኖች ላልተዋል። አናጢው አጠበቃቸው። መስኮቱም ዝም አለ።]

ሊቁ፦ ባለመድኃኒት ቤቱ እንደ ጆንያ ተቀምጦ ነው የወጣው። እኔ ግን ይኸው አዛለሁ! አንተ! ቁም ሣጥኑን ዝጋው!

[የቁም ሣጥኑ ማጠፊያ ወልቆ በሩ ተከፍቷል። አናጢው መለሰው፣ መወርወሪያውን በሻማ ቁራጭ አሸው፣ ገፋው። ጓ!]

ሊቁ፦ [ከሶፋው ዘለው] እናቴ ድረሽ! [ተመልሰው እየተቀመጡ] ደኅና። ደኅና ነው አንተ። ሙያ አለህ።

[የአናጢው ዐይን እንባ አቀረረ። በዐሥራ ስምንት ዓመት ዝምድና ጋሼ እንዲህ ሲሉት የመጀመሪያው ነው። በልቡ «ተመስገን» አለ። አስጎብኚዋ በሩን ከፈተች።]

አስጎብኚዋ፦ ሰዓቱ ሞል... [ጆሮዋን ጣል አድርጋ] ምነው ጸጥ አለ?

ሊቁ፦ አባረርኩት።

አስጎብኚዋ፦ ማንን?

ሊቁ፦ ዳኛውን! ሦስት ጊዜ አዘዝኩ፣ ሦስት ጊዜ ታዘዘ፣ በመጨረሻ ቤቱን ጥሎልኝ ሄደ። መዝገቡን አምጪ!

አናጢው፦ ጋሼ፣ እሱ እንኳ...

ሊቁ፦ አንተ ዝም በል! ጻፊ ልጄ፦ «ማንም ሳያግዘኝ፣ ብቻዬን፣ በገዛ እጄ መንፈሱን አጥፍቻለሁ።»

አናጢው፦ በገዛ እጅዎ?

ሊቁ፦ በገዛ እጄ! [ገጹን ሙሉ የሚይዝ ፊርማ ፈረሙ] እንግዲህ ባለመድኃኒት ቤቱ የት ይግባ!

አስጎብኚዋ፦ [ሌላ ወፍራም መዝገብ ገልጣ] እኔስ የት ልግባ? ይኸው የንብረት መዝገቡ፦ «ተራ ቁጥር ዐርባ ሁለት፤ መንፈስ፤ ብዛት አንድ፤ ሁኔታው አሮጌ፣ ግን የሚሠራ።» ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ መንፈስ በንብረት ተመዘገበ?

አስጎብኚዋ፦ ቤቱን ያቆመው እሱ እኮ ነው! ወንበርና ቁም ሣጥን በየቤቱ አለ፤ ማን ብሎ ይመጣል? አሁን አንድ አውቶቡስ ሙሉ እንግዳ በር ላይ ቆሟል። ያጎደለ ይተካል።

ሊቁ፦ የት ነው እንዲህ የሚለው?

አስጎብኚዋ፦ አንብቤዋለሁ ያሉት ላይ።

አናጢው፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጋሼ ወንበሩን ጸጥ አድርገው ሲሉኝ ሽብልቅ ከተትኩበት። መስኮቱን ሲሉኝ ብሎኑን አጠበቅኩ። ቁም ሣጥኑንም...

ሊቁ፦ አንተን አይደለም ያዘዝኩት!

አናጢው፦ ታዲያ ማንን ነው? መንፈስ የለም ብለውኛል።

[ሊቁ ጣታቸውን አናጢው ላይ ቀስረው ወደ አስጎብኚዋ ዞሩ።]

ሊቁ፦ ሰማሽ ልጄ? እሱ ነው! የሚጠየቀው እሱ ነው!

አስጎብኚዋ፦ «ማንም ሳያግዘኝ፣ ብቻዬን፣ በገዛ እጄ።» ፊርማው የማን ነው?

ሊቁ፦ እንግዲያው እንደነበረ ይመልሰው! አላላው አንተ!

አናጢው፦ ጋሼ ይሙቱ፣ እጄ ማጥበቅ እንጂ ማበላሸት አልለመደም። ገና አሁን ሙያ አለህ ብለውኝ!

አስጎብኚዋ፦ እንግዶቹ ደረጃውን ጀምረዋል። አዲስ መንፈስ በጨረታ ተገዝቶ እስኪመጣ ቦታውን የሚይዝ ያስፈልገኛል። ይግቡ፣ ቁም ሣጥኑ ሰፊ ነው።

ሊቁ፦ እኔ? የተማርኩ ሰው እኮ ነኝ!

አስጎብኚዋ፦ ዳኛውም የተማሩ ነበሩ።

[አስጎብኚዋ ትከሻቸውን ገፋ አድርጋ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስገባቻቸውና በሩን ዘጋችው። ጓ! እንግዶቹ እየተገፋፉ ገቡ።]

ሊቁ፦ [ከቁም ሣጥኑ ውስጥ] ኧረ ጨለማ ነው! ኧረ በፈጠራችሁ! ኧረ አውጡኝ!

[እንግዶቹ እየጮኹ ተቃቀፉ። አንዲት ሴት አንድ ጫማዋን ጥላ በደረጃው ቁልቁል ወረደች። የቀሩት አጨበጨቡ።]

አስጎብኚዋ፦ [ለአናጢው፣ በሹክሹክታ] እውነቱን ልንገርህ? የድሮው እንዲህ ከልቡ አይሠራም ነበር።

ሊቁ፦ ወንድምዬ! ስለ እህትህ ስትል! ክፈትልኝ!

[አናጢው እጁን ወደ መወርወሪያው ሰደደ፤ ከዚያ አስጎብኚዋ ብብት ሥር ያለውን ወፍራም መዝገብ አየና እጁን ሰበሰበ።]

አናጢው፦ [ወደ በሩ ጎንበስ ብሎ፣ በአክብሮት] እንዴት አድርጌ ጋሼ? አሁን እኮ የቤቱ ንብረት ነዎት። ያለ መውጫ ወረቀት ከበር ባሳልፍዎ ሌባ ነው የሚሉኝ።