«በርቱ» ብለሽ እለፊ

ሰፈር ያለ እድር ይኖር ይሆናል፤ ያለ ፈሪ ግን አይኖርም። የእናንተንም ሰፈር ፈሪ አውቀዋለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ስለ ኑሮ ውድነት ሲወራ ብድግ ብሎ መስኮት የሚዘጋው ሰውዬ ነው። የእኛ የቁስቋሞቹ ግን የሁሉም አለቃ ናቸው፦ ክቡር የጥንቃቄ ሚኒስትር፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር፣ ጋሽ ደቻሳ።

«ድሮ ጆሮ የነበረው ግድግዳው ነው፤ ዛሬ ኪስሽ ነው» ይሉኛል። ቤታቸው የሄድን እንደሆነ ስልካችንን ተቀብለው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጓዳ ይከቱታል። ኢንተርኔት የጠፋ ሰሞን «ለእኛ ብለው ነው» ብለው በር ዘግተው ዋሉ። አዲስ የኢንተርኔት አዋጅ ሊወጣ ነው ሲባልማ፣ የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ ከሙሽራዋ ስልክ ላይ አስጠፉ። «ምን አጠፋን አባባ?» ብትላቸው፣ «እሱ ገና አልታወቀም!» አሏት።

ታዲያ ወረዳችን ዘመነና የፌስቡክ ገጽ ከፈተ። «ውድ ነዋሪዎች፣ ቅሬታችሁን በነፃነት ጻፉልን» ይላል። ሰፈሩ በሙሉ ምን ጻፈ? «በርቱ!» ውሃ ከመጣ ወር አልፎታል፤ ሰው በአንድ እጁ ጀሪካን አንጠልጥሎ በሌላው «በርቱ!» ይጽፋል። ያስለመዱን ጋሽ ደቻሳ ናቸው። «በርቱ ብለሽ እለፊ፤ በርቱ ብሎ የታሰረ የለም።»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ ጣቴም እንደ አፌ ነው። «መጀመሪያ ውሃውን ልቀቁ፣ ከዚያ እንበረታለን» ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱ ተደወለልኝ። «ስለ አስተያየትሽ ትፈለጊያለሽ፤ ነገ ጠዋት ወረዳ ነይ።»

ክው አልኩ። የምኖረው የቀበሌ ቤት ነው፤ አከራዬ ያው ወረዳው ነው። ቢያስወጡኝ ሁለት ልጆች ይዤ የት እገባለሁ? ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ወሬው ሲሰማ ከእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ሰው አንድ በአንድ ሹልክ እያለ ወጣ። ጎረቤቴ ሐመልማል እንኳ ሰላምታዬን በቅንድቧ ብቻ መለሰችልኝ።

ጠዋት በሬን ስከፍት ጋሽ ደቻሳ ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል። በዚያ ብርድ ላብ አጥምቋቸዋል።

«ምነው ጋሼ?»

«ዝም ብለሽ ሂጂ!»

መንገዱን ሙሉ፣ የሚሰማ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ ስለ አየሩ ብቻ አወሩ።

ቢሮ ስንገባ የኮሙኒኬሽን ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን ወደ እኛ አዞረች። «ይህን የጻፈው ማነው?»

አፌን ሳልከፍት «እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ደቻሳ።

«በእሷ ስም እኮ ነው የተጻፈው አባቴ። ለመሆኑ ፌስቡክ አለዎት?»

«የለኝም። ግን እኔ ነኝ።»

እንባዬ መጣ። ልጅቷ ግን ፈገግ እንኳ አላለችም። «ኃላፊው እስኪመጡ ሁለታችሁም ውጪ ተቀመጡ» አለችን።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። የኮታቸውን ቁልፍ ይቆልፋሉ፣ ይፈታሉ፣ መልሰው ይቆልፋሉ።

«ፈሩ እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ምን ጥያቄ አለው፣ በጣም ነው እንጂ!» አሉና፣ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ እኔ ጠጋ አሉ።