እህቴ፣ ክብርት ያንሳል

ትኩስ ዳቦ በቢላ ሲቆረጥ ቅርፊቱ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቢላው ገና ሳያርፍ አንዲት ቀጭን ጩኸት ትከተለዋለች፦ «የኔ ያንሳል!»

እንዲህ የሚል ሰው የሌለበት ቤት በምድር ላይ የለም። የኛዋ ታናሽ እህቴ ናት፤ ክብርት ያንሳል እንላታለን። ፊት ለፊቷ ግን ማን ደፍሮ!

አባታችን ቢመረው አንድ ቀን «አንድ ሦስተኛውን ትፈልጊያለሽ ወይስ አንድ ስድስተኛውን?» ብሎ ጠየቃት። «ስድስተኛውን!» አለች ደረቷን ነፍታ። የደረሳት ቁራሽ መዳፏን እንኳ አልሞላም። የራሷ ምርጫ ነውና በእንባ እያራሰች በላችው። እሜቴ በዕድሜዋ የተሳሳተችው ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳታነጻጽር የምታልፈው ነገር የለም። ጨርቅ ሻጩ «ዜሮ ነጥብ ሰባት ሜትር ያው ሦስት አራተኛ ማለት ነው፣ እህቴ» ቢላት፣ «ያው የሚባል ቁጥር አልተማርኩም፤ አምስት መቶኛ ይጎድላል» ብላ ጨርቁን እንደገና አስለካችው። ሰው ሲጨቃጨቅ ካየችም መሃል ገብታ «መጀመሪያ ታህታችሁን እኩል አድርጉ!» ትላለች። በድሮው የሒሳብ መጽሐፍ የክፍልፋይን ላይኛና ታችኛ ቁጥር ላዕልና ታህት ብለን የተማርን እንስቃለን፤ ሌላው ተሰድቦ እንደሆነ ይጠራጠራል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይሆናል? የሒሳብ አስተማሪ ሆነች።

ባለፈው ዓመት እማዬ ልቧን ታመመች። ሐኪሙ የምትውጠውን ኪኒን በግማሽ ቀነሰላትና አዲስ ማሸጊያ መጣ። አሮጌው ላይ 0.25፣ አዲሱ ላይ 0.125 ይላል። የሁላችን ታላቅ ወንድም ጋሼ መነጽሩን ሰክቶ አየና ደነገጠ።

«ቀንሱ ብሎ ጨመረባት እኮ! መቶ ሃያ አምስት ከሃያ አምስት አይበልጥም?» ብሎ ኪኒኑን ለሁለት ሊከፍል ምላጭ አነሳ።

እህቴ የጠመኔውን ብናኝ ከእጅጌዋ ሳታራግፍ ከትምህርት ቤት ደረሰች።

«ወንድም ጋሼ፣ እጅህን ሰብስብ!»

«አንቺ ደግሞ ጀመረሽ...»

«ከሃያ አምስቱ ኋላ አንድ ዜሮ ጨምርበት። ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህኛ ሆነ፤ አዲሱ መቶ ሃያ አምስት ሺህኛ ነው። አሁን የትኛው ይበልጣል?»

ወንድም ጋሼ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አሰበ። «አሮጌው» አለ ቀስ ብሎ።

«አዲሱ ራሱ ግማሹ ነው። አንተ ግማሹን ልትገምሰው ነው! እማዬ ላይ?» በራሷ ስሌት ብቻም አልተማመነችም፤ መድኃኒት ቤት ደወለች። «ልክ ነሽ፣ ሳይከፈል ይዋጥ» አሏት።

እማዬን ቀና አድርጋ ኪኒኑን አጎረሰቻት፤ ውሃውንም በቀስታ አስጎነጨቻት። እኔ ጥግ ቆሜ «የማን እህት ናት?» ብሎ የሚጠይቀኝ አንድ መንገደኛ በመስኮቱ በኩል ባለፈ ብዬ ተመኘሁ።

እማዬ ትራሷ ላይ ተደግፋ «አያችኋት ልጄን?» አለች።

እኔም እህቴን ላመሰግናት አፌን ስከፍት፣ ባዶውን ብርጭቆ አንስታ፣ የድርሻዋን ምስጋና እንኳ ሳትጠብቅ ወጥታ ሄደች።