የደፈንኩት ክፍተት

እኛ ሰዎች እግራችን ከጭቃ ከፍ ያለ ዕለት ልባችንም አብሮ ከፍ ይላል። አታምኑኝም? ጎረቤታችሁ ግቢውን ሲሚንቶ ባስደረገ ማግስት ሰላምታው እንዴት እንደሚያጥር ልብ በሉ። እኔንም እዚሁ ሶዶ፣ ቁልቁለት ላይ ባለችው ጠባብ ግቢዬ፣ ይኸው በሽታ ይዞኝ ነበር።

ድንጋይ ያነጠፉልኝ ጋሽ አንጁሎ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። አሸዋና ጠጠር ደልድለው፣ ድንጋዩን በጣት ስፋት እያራራቁ ደረደሩና ክፍተቱን በደቃቅ ጠጠር ሞሉት።

«ይሄን እንዳትደፍነው፤ ውሃው በዚህ ነው ወደ መሬት የሚገባው» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ክረምቱን ሙሉ ግቢዬ የወረደበትን ዝናብ ጠጥቶ ዝም አለ። ውለታውን ግን ማን አየለት? ለእኔ የታየኝ በየክፍተቱ ብቅ ያለው ሣር ብቻ ነበር።

ጊፋታ ደረሰ። መቼም ወላይታ ውስጥ ቤቱን ሳያድስ፣ ግቢውን ሳያጸዳ አዲስ ዓመት የሚቀበል የለም። ግድግዳ ቀባሁ፣ ሣሩን ነቀልኩ፣ ክፍተቱንም በሲሚንቶ ደፈንኩት። ግቢዬ እንደታጠበ ሰሃን ጠራ። ቆሜ ራሴን አደነቅኩ።

በሦስተኛው ቀን ዶፍ ወረደ። ውሃው መግቢያ ቢያጣ በበሩ ስር ሾልኮ ከታች ወዳሉት ጎረቤቴ፣ ወደ እማማ ማርታ ጓሮ ወረደ። እዚያ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው የቀበሩት ቆጮ ነበር፤ ከቤሌ ለበዓል ለሚመጡት ልጆቻቸው ፍቀው፣ ሳምንታት የጠበቁት። ስደርስ ጭቃውን ከጉድጓዱ በእጃቸው እየዛቁ ነው። ቆጮው አፈር ሆኗል።

«ዝናብ ነው፤ ምን ይደረጋል» አሉኝ።

እኔም «አዎ፣ ዝናቡ ዘንድሮ ከፋ» አልኩ! ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። የእኔ መከራ ግን ሄዶ የመከረው ጎረቤቴን ነው። ያችን ቃሌን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

የጊፋታ ዕለት ከነልጆቻቸው ቤቴ ጠራኋቸው። እማማ ማርታ ግቢው መሃል ቆም አሉ። ድንጋዩን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ቁልቁል ወደ ጓሯቸው አዩ።

«አይ ልጄ፣ ግቢህ ሲያምር! አንድ ጠብታ ውሃ እንኳ የለበትም» አሉና ገብተው በሉ፤ መረቁኝም።

በማግስቱ መሮና መዶሻ ይዤ ሲሚንቶውን ስፈለፍል ዋልኩ። አሁን ጠዋት ጠዋት የምወጣው ሣር በቅሎ እንደሆነ ለማየት ነው። እስካሁን የለም።