አንድ መቶ አሥራ ስድስት ዴሲቤል ኩራት

ኩራት በልብ ተይዞ የሚቀመጥ ነገር ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች በኮሌጁ ውስጥ ነበሩ። እነዚህ ወገኖች መሳሳታቸው በማኅተም ተረጋግጦ፣ ደብዳቤው በየክፍሉ በር ላይ ተለጠፈ። ከእንግዲህ የኮሌጁን የእግር ኳስ ቡድን የሚወድ ሁሉ ፍቅሩን በሚለካ ጩኸት ያሳያል፤ ከሁሉ በላይ የጮኸ ክፍልም ዋንጫ ይወስዳል፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው የአባቶች ምክርም ውድድሩ እስኪያልቅ ድረስ ታግዷል።

የሚለካ ነገር ለኪ ይፈልጋል። የድምፅ መለኪያ ያለው የፊዚክስ ላቦራቶሪው ብቻ ስለነበር፣ ከመሣሪያው ጋር በአንድ የንብረት መዝገብ የሰፈረች ይመስል የላቦራቶሪ ቴክኒሻኗም አብራ ተወሰደች። ሰላም ስትል ሰው ሁሉ «አቤት?» የሚላት፣ ድምፅዋ ጠረጴዛ ሳይሻገር የሚደክም ሴት ናት።

«ደስ ይበልሽ፣ ታሪክ እየሠራሽ ነው» አላት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው። የደጋፊዎች አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱ ነው።

«ቅዳሜ የወንድሜ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ማየት ፈልጌ ነበር።»

«አቤት?»

ደገመችለት።

«ታዲያ ሜዳው ዳር አይደል የምትቆሚው? ከዚህ በላይ ምን ቅርበት አለ?»

ወንድሟ የቡድኑ በረኛ ነው። የሚጠራው «ወንፊት» እየተባለ ነው፤ ምክንያቱን ማብራራት ለቤተሰቡ ደስ አይልም። ይህን ስም በሰማች ቁጥር ቀኑን ሙሉ ታኮርፋለች። አራት ዓመት ማሊያውን አጥባለች፣ ሲጫወት ግን አንድም ቀን አላየችውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ላቦራቶሪው ክፍት ነው። አሁን ሊመረቅ ነው፣ ሌላ ቅዳሜ የለም።

«እትዬ፣ ነገ ሰበብ የለሽም» አላት ዓርብ ዕለት እራት ላይ።

«እመጣለሁ። ግን ጀርባዬን ሰጥቼህ ነው የምቆመው።»

«ምን አደረግኩሽ?»

«ደንብ ነው። አንቀጽ አራት። ለኪ ፊቱን ወደ ደጋፊው ያዞራል፤ ጨዋታ ማየት ልኬት ያዛባል።»

ወንድሟ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሕዝቡስ?»

«ሕዝቡ የቁጥር ሰሌዳውን ነው የሚያየው። የጩኸቱን ውጤት እንዲያውቅ።»

«ታዲያ እኛ ለማን ነው የምንጫወተው?»

ይህ ጥያቄ በኮሚቴው አጀንዳ ተይዞ አያውቅም።

ቅዳሜ ሁሉም ነገር በሥርዓት ተካሄደ። ሰብሳቢው ቀይ ባንዲራ ሲያነሣ ተራ የደረሰው ክፍል ለአንድ ደቂቃ ይጮኻል፤ ሲያወርድ ፀጥ ይላል። ከመሣሪያው ጋር የተያያዘው ሰሌዳ ቁጥሩን ያበራል። ሒሳብ ክፍል ዘጠና አንድ አመጣ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ከሙያቸው የተነሣ ከአርባ ሦስት ማለፍ አቅቷቸው ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው።

በሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ቡድኑ ጎል አገባ። ሁለት አትክልተኞች ብድግ ብለው ሊያጨበጭቡ ሲሉ፣ ሰብሳቢው በድምፅ ማጉያ «ያለ ተራ የመጣ ኩራት አይመዘገብም» አለ፤ ተቀመጡ። ያገባው ተጫዋች እጆቹን ዘርግቶ ወደ ደጋፊው ሮጠ። ደጋፊው ሰሌዳውን እያየ ነበር። ተጫዋቹ እጆቹን አጥፎ ቴክኒሻኗ አጠገብ ቆመ።

«አገባሁ እኮ» አላት።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው በሹክሹክታ።

ከእረፍት በኋላ ተጋጣሚው አቻ ሆነ፤ እሱም አልተመዘገበም። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የመጨረሻው ተራ የዲኑ ጽሕፈት ቤት ሆነ። ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ሰው ነው። ጸሐፊዋ ጉሮሮዋን ታማለች፣ ሹፌሩ መኪና ሊያዞር ሄዷል፣ ዲኑ ደግሞ በክብር ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸዋል። ባንዲራው ተነሣ። ሜዳው እንደ ፈተና ክፍል ፀጥ አለ።

በዚያ ፀጥታ ውስጥ የዳኛው ፊሽካ ከጀርባዋ ተሰማት፤ ቀጥሎ የተከላካዩ ድምፅ።

«ወንፊት፣ አይዞህ! ፍፁም ቅጣት ምት እኮ ሁሉም በረኛ ላይ ይገባል!»

አንቀጽ አራት ቢኖርም ዞረች።

ኳሱ ተመታ። ወንድሟ ወደ ግራ ተወረወረ፤ በጣቶቹ ጫፍ ገፋው፤ ኳሱ ቋሚውን ታክኮ ወጣ።

«ወንፊቴ!»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ድምፅ ነበር፤ መሣሪያው ደግሞ ከአፏ አንድ ስንዝር አይርቅም። ሰሌዳው ላይ አንድ መቶ አሥራ ስድስት በራ። ሕዝቡ ቁጥሩን እንጂ የማንንም አፍ አላየም። ዲኑ ከእንቅልፋቸው ባንነው ብድግ አሉ። ብድግ ያሉት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ነገሩ ለማንም ግልጽ ሆነ፤ ጭብጨባው ቀለጠ።

ዋንጫው ከመሰጠቱ በፊት ሰብሳቢውን ፈልጋ አገኘችው።

«የጮኽኩት እኔ ነኝ።»

«አቤት?»

«እኔ ነኝ የጮኽኩት።»

በርኅራኄ አያት። «እህቴ፣ መሣሪያ አይዋሽም። ተራው የዲኑ ነው፣ ቁጥሩም የዲኑ ነው። ደግሞ ለኪ አይደግፍም፣ አንቀጽ አራት። ይልቅ ሂጂና ውሃ ጠጪ፣ ድምፅሽ ዘግቷል።»

ወደ ቤት ሲሄዱ ወንድሟ ጓንቶቹን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

«እትዬ» አለ። «አንቺም ወንፊት አልሽኝ?»

«አልኩህ።»

«ይሁን። ዛሬ አላሳለፍኩም።»

«አየሁህ» አለች። «አቤት?» አላላትም።

በኮሌጁ ዓመታዊ ሪፖርት የዕለቱ ጨዋታ ውጤት በሚለው ቦታ ሰረዝ ተደርጓል። የዲኑ ቁጥር ግን በደማቅ ቀለም ታትሟል። ሪፖርቱን ሲያነቡ የደጋፊዎች ደንብ አንቀጽ ዘጠኝን ያስታወሱ ሰዎች አልጠፉም፤ አንቀጹ እንደሚለው፣ አንደኛ የወጣ ደጋፊ ያሸነፈበትን ጩኸት ለአርአያነት በምረቃው ዕለት በእንግዶች ፊት ይደግመዋል።

ለምረቃው ሦስት ቀን ሲቀረው የላቦራቶሪው በር በቀስታ ተንኳኳ። ዲኑ ገብተው በሩን ዘጉ፤ መለኪያውን ከመደርደሪያው ላይ አንሥተው ገለባበጡት።

«ልጄ፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድ ሰው ያን ያህል ለመጮህ ምን ማድረግ አለበት?»

አሰበችበት።

«ጨዋታውን ማየት አለበት፣ ዶክተር።»

ዲኑ መሣሪያውን ቀስ ብለው ወደ መደርደሪያው መለሱት።

«ሌላ ዘዴ የለውም?»