አሥር ቆርኪ በቀኝ ኪስ

በዚህች ከተማ ጥያቄ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው አለ ካላችሁኝ... እባካችሁ በአካል አምጡልኝና ልየው! እኔ ራሴ ጠዋት ደረጃ ላይ ጎረቤቴን ሳገኛት፣ "እንዴት አደርሽ? ደህና ነሽ? ልጆች ደህና? ሥራ እንዴት ነው? እግዚአብሔር ይመስገን!" እላታለሁ። ጠያቂዋ እኔ፣ መላሿ እኔ፣ አመስጋኟም እኔ! እሷም በዚያው ቅጽበት ያንኑ እያለችኝ ስለሆነ፣ ሳንሰማማ ተመራርቀን እንለያያለን። እናንተስ ብትሆኑ... ዛሬ ጠዋት "ደህና ነህ?" ያላችሁት ሰው ደህና መሆን አለመሆኑን ታውቃላችሁ?

እንግዲህ ልጄን ብሌንን ይዤ መምህርት ሰናይት ዘንድ የቀረብኩት በዚሁ አፌ ነው። ብሌን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ናት። በወሬ ማንም አይችላትም። መጽሐፍ ሲገለጥ ግን ፊደሎቹ እንደ መገናኛ ተሳፋሪ ይጋፉባታል፤ ቁጥሮቹም ቦታ ይለዋወጡባታል። መምህርት ሰናይት ደግሞ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በምትማርበት ትምህርት ቤት የልዩ ድጋፍ ክፍሉ መምህርት ናቸው። እንዲህ የሚቸገሩ ልጆችን ንባብና ሒሳብ ሲያስተምሩ ፀጉራቸው ሸብቷል።

"ስምሽ ማነው፣ የኔ ቆንጆ?" አሏት።

"ብሌን!" አልኩ።

"ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

"ሦስተኛ!" አልኩ።

"ምን ምግብ ትወጃለሽ?"

"መኮሮኒ!" አልኩ።

ብሌን እኔን ታያለች። መምህርት ሰናይትም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እኔን ያያሉ።

"ስድስት ሲደመር ሰባት ስንት ነው?"

"አሥራ ሦስት!" እውነቱን ልንገራችሁ... በፍጥነቴ ኮርቼ ነበር።

"አንቺ ጎበዝ ነሽ" አሉኝ። "ልጅቷን መቼ ነው የምታመጪያት?"

ቀጥለው ነገሩን አስረዱኝ። ብሌን መልስ አታጣም፤ መልሱ እስኪመጣላት የሚጠብቃት ሰው ነው ያጣችው። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ልጆቹ ቁጥር የሚለማመዱባቸውን የጠርሙስ ቆርኪዎች አወጡና አሥሩን ቆጥረው ሰጡኝ።

"ቀኝ ኪስሽ ክተቻቸው። ስትጠይቂያት አንድ በአንድ ወደ ግራ ኪስሽ አዛውሪ። አሥሩ ሳያልቁ አፍሽ እንዳይከፈት! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላሉ እስኪሄድ ታክሲው ይሄዳል!" አልኩ... በሆዴ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አታንሱብኝ። ብሌን አንድ ቃል ላይ ስትቆም፣ ሁለት ቆርኪ ሳላዛውር ምላሴን ያሳክከኛል፤ ግንባሬን ያልበኛል። በዚህ ላይ ባሌ ኮቴን ሊሰቅል ሲያነሳው ኪሱ ተንኳኳበት።

"አሥር ቢራ?! በአንድ ቀን?"

"የትምህርት መሣሪያ ነው!"

"እሱማ እኔም ስጠጣ ብዙ ነገር ይገባኛል" ብሎኝ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ብሌን "መስኮት" የሚለው ቃል ላይ ቆመች። እኔ ጥርሴን ነክሼ አዛውራለሁ። አምስት... ስድስት... ሰባተኛው ላይ "መስኮት!" አለች። ማንም አላገዛትም። ደነገጥኩ። ለካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጄ ልትመልስ አፏን ስትከፍት እኔ ቀድሜ እየገባሁባት ኖሯል! አፈርኩ። ወጥ ቤት ገብቼም ትንሽ አለቀስኩ።

ከዚያ የፈተናው ቀን ቀረበ። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብሌን አንድ አንቀጽ ለብቻዋ ታነባለች፤ የሒሳብ ጥያቄም ትመልሳለች። ከተሳካላት ወደ አራተኛ ክፍል ታልፋለች፤ ካልሆነ ሦስተኛን ትደግማለች። እንዳትፈራ እኔ ከኋላ እንድቀመጥ ተፈቅዶልኛል፤ አንድ ቃል ከተነፈስኩ ግን ፈተናው አይያዝላትም። ሐሙስ ማታ ጫማዋን ስታስተካክል፣ "እማ፣ ከደገምኩ ሜሮን ከማን ጋር ነው የምትቀመጠው?" አለችኝ። ሜሮን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋራቻት ጓደኛዋ ናት። አሥሩንም ቆርኪ አዛውሬ ጨረስኩና የጫማዋን ክር አሰርኩላት።

በማግሥቱ በትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ከመላክ ይልቅ ራሴው ይዣት ከየካ አባዶ ወጣሁ። መገናኛ ስንደርስ የቦሌው ሰልፍ ተጠማዞ ተጠማዞ ጫፉ አይታይም። ወዲህ ማዶ ግን አንድ ሚኒባስ ያለ ሰልፍ ይጭናል! ብሌን አንገቷን አቅንታ ታፔላውን ማንበብ ጀመረች።

"ቦ... ሌ..."

"ቦሌ! ጎበዝ የኔ ልጅ! ግቢ!"

"እማ፣ ገና..."

"ግቢ አልኩሽ፣ ሊሞላ ነው!"

ገባን። በመስኮት እዚያ ሰልፍ ላይ የቆሙትን ሰዎች እያየሁ፣ "ምን ዓይነት ሞኞች ናቸው?" እያልኩ አዘንኩላቸው። ጉርድ ሾላን አለፍን። ሲኤምሲ ስንቃረብ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ።

"ረዳት! ይሄ መንገድ ወደ ቦሌ ነው እንዴ?"

"ቦሌ አራብሳ ነዋ!"

ቦሌ አራብሳን ለማታውቁ... ስሙ ቦሌ ይባል እንጂ ከመድኃኔዓለም ተነስቶ እዚያ ለሚሄድ ሰው ስንቅ ያስፈልገዋል!

"እህት፣ ታፔላው ላይ ተጽፏል እኮ" አለኝ ረዳቱ። "ማንበብ አትችይም እንዴ?"

እኔን! በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ጽፌ የማድረውን ሴትዮ! ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ወደ ብሌን ዞርኩ።

"አይተሽ ነበር?"

"ሁለተኛውን ቃል ላነብልሽ ነበር" አለች፣ ቀስ ብላ። "አንድም ቆርኪ አላዛወርሽም እኮ።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔም ልጄን በአንድ እጄ፣ ቦርሳዋን በሌላው ይዤ ሲኤምሲ ላይ ወርጄ ኮንትራት ታክሲ ለመንኩ። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት... ልጄ ብትደግም በእኔ ምክንያት ነው።

አርባ ደቂቃ አርፍደን ደረስን። መምህርት ሰናይት በር ላይ ቆመዋል።

"ምን ሆናችሁ?"

አፌን ከፈትኩ። እጄን ኪሴ ከተትኩና አፌን መልሼ ዘጋሁ። ሁለት ቆርኪ እንዳዛወርኩ ብሌን ተናገረች።

"እማ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው የምታነበው።"

መምህርት ሰናይት ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፍነው አስገቡን። ብሌን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ቀጥ አድርጋ አነበበች። ሦስተኛው ላይ "ተ... መ..." ብላ ቆመች። ቃሉ እኔ ምላስ ጫፍ ላይ ነው! አዛወርኩ። ስምንት... ዘጠኝ... አሥር። አለቀ! መምህርት ሰናይት ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ምን ላድርግ? ከግራ ኪሴ ወደ ቀኝ መመለስ ጀመርኩ። አሥራ አንድ... አሥራ ሁለት...

"ተመለከተች!" አለች ብሌን።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። "ስድስት ሲደመር ሰባት?" ብለው ጠየቁ፤ የሚያዩት ግን እኔን ነው። የኮቴን እጅጌ ነክሼ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ብሌን ጣቶቿን ከዴስኩ ሥር ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።

"አሥራ ሦስት። ያን ቀን እማ ብላ ነበር... ግን ዛሬ ራሴ ነኝ የቆጠርኩት።"

መምህርት ሰናይት ደብተራቸውን ዘጉ። "ከሜሮን ጋር አራተኛ ክፍል ትቀመጫለሽ" አሏትና አቀፏት። "ምን ተሰማሽ፣ የኔ ልጅ?"

"በጣም ደስ ብሏታል!" አልኩ።

መምህርት ሰናይት መሳቢያቸውን ከፈቱ፤ ሌላ አሥር ቆርኪ ቆጥረው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ብሌን አልፋለች" አሉ። "እናቷ ግን ትደግማለች።"