የያዝከውን ልቀቅ

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዮጋ የሚሉትን ታውቁታላችሁ? እኔን ያሳወቀኝ ከአዘዞ ወደኛ አምባ ጊዮርጊስ የመጣው የወንድሜ ልጅ ነው።

«አያ፣ ክረምቱ ወጣ፤ እንታደስ! መታደስ የያዙትን መልቀቅ ነው» አለኝ፣ ስልኩን ጨብጦ በአንድ እግሩ ቆሞ። ሸጋ ነገር መስሎኝ ወደ ሥራዬ ሄድሁ።

ለካ በሬዎቼን ከካስማቸው ፈትቷቸው ኖሯል! የዓመት ቀለቤን፣ ያሸተውን ገብሴን፣ እኩሌታውን በሉት።

«ምነው ፈታሃቸው?» ብዬ ጮኽሁ።

«እነሱም ይታደሱ ብዬ ነው። እርስዎም ንዴቱን ይልቀቁት፣ አያ።»

እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የሰው ገብስ ሲያስበላ እጁ የሚፈታ፣ የራሱን ስልክ ግን ተኝቶም የማይለቅ!

በማግስቱ ማለዳ ሻንጣውን ተሸክሜ መናኸሪያ አደረስሁትና፣ የአዘዞ መኪና ላይ አሳፍሬ ለቀቅሁት።